ፋሻውን እንዳታነሺው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

የፊደል ስህተት ካለ ይቅርታ... በአንድ እጄ ነው የምጽፈው።

የምሠራው ከታናሽ ወንድሜ ጋር እንጨት ሥራ ቤት ነው። እሱ መጋዝ ላይ፣ እኔ ቀለም ክፍል። የመጀመሪያ ዕርዳታ ስለሠለጠንኩ የፋሻው ሣጥን እኔ ጋ ነው። ሠራተኞቹ «ዶክተር፣ ራሴን አሞኛልና ቁረጪልኝ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

አሠልጣኛችን አንድ ነገር ደጋግማ ነግራናለች። ፊት ሲቆረጥ ብዙ ይደማል፤ አትደንግጡ። ደሙን እንዳይውጠው ቁጭ አድርጋችሁ ወደ ፊት አዘንብሉት። ቁስሉን በንጹሕ ፋሻ ተጫኑት። ከራሰ ሌላ ደርቡበት እንጂ፣ ልየው ብላችሁ እንዳታነሡት።

እንዳታነሡት...

የክፍሌ በር ተከፈተ።

ወንድሜ ነው። ቱታውን አወቅኩት፤ የተቀደደ ኪሱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። በጣቶቹ መሃል ደም ይወርዳል።

እንደምንም ጠረጴዛው ጋ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ወደ ፊት አዘንብዬ ግንባሩን በፋሻ ተጫንኩት።

«አይዞህ የኔ ወንድም። መጋዙ ነው?»

«ገና ነው...» አለኝ በሹክሹክታ።

ሕመሙ የሚያስቀባጥረው መሰለኝ።

ፋሻው ራሰ። ደረብኩበት። እሱም ራሰ። ሌላ ደረብኩ...

ደሙ ቀዝቃዛ ነበር። ወለሉ ላይ ግን አንድ ጠብታ የለም።

«እታለም፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

ድምፁ የመጣው ከበሩ ነው።

ቀና አልኩ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሟል። ደህና ነው። ፊቱ ላይ ያለው የእንጨት ብናኝ ብቻ ነው።

ዞር ስል ወንበሩ ባዶ ነው። እጄ ፋሻውን የተጫነው ጠረጴዛው ላይ ነው። ከፋሻው ሥር ግን የደም ሥር ትር ትር ይላል።

እጄን ላላ አደረግኩ።

ከወንድሜ ቅንድብ በላይ ቀጭን መስመር ተከፈተ። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

መልሼ ተጫንኩ። ደሙ ቆመ።

አሁን ሁሉም ለምሳ ወጥቷል። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ቱታዬን ይዟል፤ እንደ ልጅነቱ። አምቡላንስ እንጥራ ብንል ምን ብለን እንናገር?

እንዳላጣው ፈርቻለሁ። እጄ ዝሏል።

የመጨረሻውን ፋሻ ደረብኩ። እሱም እየራሰ ነው...

ከግድግዳው ወዲያ፣ ማንም በሌለበት፣ የመጋዙ ሞተር ተነሣ።