ከሬሳው በላይ ያለው ባዶ ግድግዳ

ኤልመር ፕሩዊት በረሮ መግደል የሚያሳዝነው ሰው ነበር፤ እኛ ጎረቤቶቹ እንመሰክራለን። በወረቀት ላይ ግን ለአንድ የወንጀል ታሪክ መጽሔት በየወሩ ሰው እየገደለ ነበር የሚበላው። ዛሬ ጠዋት እሱው ራሱ ደረቱን በጥይት ተመቶ ወንበሩ ላይ ተገኘ።

ሽጉጡ የሚስቱ የኢርማ ነው። ሲጨቃጨቁም ሳን ፍራንሲስኮ በሙሉ ይሰማቸው ነበር። ከተፈረደባት ሞት ነው፤ ፖሊሶቹም ካቴናውን ይዘው የመርማሪ ታኬትን አንድ ቃል ይጠብቃሉ።

ታኬት ግን ክፍሉን ያያል። የጠረጴዛው መብራት ወለሉ ላይ፣ ከሟቹ እግር አጠገብ ይበራል። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ሁለት ባዶ ምስማሮች አሉ፤ ሰዓቱና የቀን መቁጠሪያው አልጋ ስር ተገፍተዋል።

«ወይዘሮ ኢርማ፣ ሰዓቱን ማን አወረደው?»

«እኔ ምን አውቄ! ባሌን ገድዬ ቤት ላጸዳ ኖሯል?»

የመጽሔቱ አዘጋጅ ሃስኬል ሲጋራውን እያኘከ ገባ፤ ሽፋን የሚስልለት አንሰል ሊንድ ተከተለው።

«የዚህን ወር ታሪክ ጨርሶት ነበር?» አለ ሃስኬል።

«ነፍስ ይማር ይቀድማል» አለው ታኬት። «ሽፋንህ ላይ ያሉት ሰዎች ለምንድን ነው ሁሌም ከታች የሚበራባቸው?»

«ያስፈራላ! የጥላ ነገር ለሊንድ ነው። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ፤ የመጽሔቱ ስም የሚያርፍበት ከላይ ባዶ ቦታ። ድሮ ያስቸግረኝ ነበር፤ አሁን እጁ ለምዷል።»

ታኬት በሩን ዘጋና ሁሉንም በሬሳው ዙሪያ አቆማቸው።

«ሽጉጡ መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀመጥ ወዳጅ ሁሉ ያውቃል። ሌባ ቢሆን ሰዓቱን ይወስድ ነበር። የተናደደች ሚስት ብትሆን ትሮጥ ነበር። ይሄ ግን ገድሎ ሲያበቃ ራቅ ብሎ አየ። ብርሃኑ አላማረውም፤ መብራቱን አወረደ። ከላይ ግርግር በዛበት፤ ግድግዳውን አራቆተ። ሳታስበው ነው አይደል፣ ሊንድ?»

ሠዓሊው እጆቹን አየ።

«አንሰል፣ አንተ?» አለች ኢርማ።

«ባለፈው ወር ታሪክ ወንዝ ዳር የታነቀችው እህቴ ናት። ኤልመርን እንደ ወንድም አይቼው፣ እያለቀስኩ ነው የነገርኩት። ጻፋት። ሃስኬልም የማን ታሪክ መሆኑን ሳያውቅ ሽፋኑን እንድስል ላከልኝ፤ ሬሳዋን ሳልኩት።»

ሃስኬል ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። ካቴናው የሊንድን እጅ ያዘ።

«መርማሪ፣ ታሪኩን አንብበውታል?» አለ ሊንድ።

«አንብቤዋለሁ።»

«ጥሩ ነበር?»

ታኬት ትራም ላይ ጀምሮት መውረጃው አልፎት ነበር።

«ጥሩ ነበር» አለው።