ሀለኮና ወይራ

ሸዋንዳኝ ሀብተሚካኤል በአባቱ መኪና ሥር ሞቶ የተገኘው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር በሚገኘው ግቢው ውስጥ ነው። ኢንስፔክተር ዘሪቱ ጠዋት ስትደርስ ጎረቤቶች መኪናዋን በክሪክ አንስተው ሬሳውን አውጥተው መልሰው አውርደዋት ነበር። ብርድ ልብስም አልብሰውታል። የዘሪቱን ደም ያፈላው ግን ከበር የሚሰማው ጩኸት ነው። ወይ ጉድ! ሰውየው ገና ሳይቀበር ፍርዱ አልቋል!

«እሷ ናት የገደለችው!» ትላለች የሟች ታላቅ እህት ዘቢደር፣ ደረቷን እየደቃች። «ባለፈው ሳምንት ‹ትውደቅብህ!› ብላ ስትረግመው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድሜን ስንቀብር ይቺ ሴት ድርሽ እንዳትል! እግሯን ነው የምሰብረው!»

የሟች ሚስት ልክነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗ ደርቋል።

«እውነት እንደዚያ ብለሽዋል?» አለቻት ዘሪቱ።

«ብዬዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ከዚያች ብረት ጋር ነበር የሚውለው፤ ንድድ አለኝና ተናገርኩ። የተናደደ ሰው ምን የማይለው አለ? ከፈለጉ ይሰሩኝ። ግን መጀመሪያ ባሌን ልቅበር። ሌላ ምንም አልለምንም።»

አለቃዋ ደግሞ በስልክ «ሚስትየዋን ይዘሽ ነይ፤ ነገሩ ግልጽ ነው» ብሏታል። ዘሪቱ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግታ ከመኪናዋ ፊት ቁጢጥ አለች። ግልጽ ነው የሚል ቃል ሁሌም ያንገበግባታል።

መኪናዋ የድሮ ፒክአፕ ናት፣ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል። ሸዋንዳኝ ዝገቷን ፍቆ ግማሿን አረንጓዴ ቀብቷታል። ጎማዎቿን አውልቆ ሻንሲዋን በአራት የእንጨት ጉማጆች ላይ አሳርፎ ነበር። ጉማጆቹ በተቃጠለ ዘይት ጠቁረው አንድ ዓይነት መስለዋል። አንዱ ብቻ ሻንሲው ሥር ተጨፍልቋል፤ ከውጭ የሚታየውም ዘይት የጠጣ ጎኑ ብቻ ነው።

«ሳምሶን፣ ይህን ጉማጅ ሳላየው ማንም እንዳይነካው» አለችው ኮንስታብሉን። ከዚያ የሟችን ኪስ ፈተሸች። ቁራጭ የመዳብ ቱቦ አገኘች፤ አንድ ጫፉ ተጨፍልቆ ታጥፏል።

በሩ ላይ ፈቃደ እጁን አጣምሮ ቆሟል። የሟች የአጎት ልጅ ነው፣ ጋራዥ አለው።

«አቶ ፈቃደ፣ መኪናዋን አብራችሁ ነበር የምትሠሩት?»

«እኔ ምክር ብቻ ነው። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ይህን በር አላለፍኩም። አሁንም አልገባሁም፤ የወንድሜን ሬሳ የማይበት አንጀት የለኝም።»

«ታዲያ በምን የወደቀች ይመስልዎታል?»

«ሴትየዋ ላይ አይፍረዱባት» አለ ፈቃደ ድምፁን አለስልሶ። «የኦቾሎ ልጅ ናት፣ ደገኛ። ሀለኮን ከወይራ ለይታ የት ታውቃለች? ‹እንጨት አቀብዪኝ› ሲላት ያገኘችውን አቀብላው ይሆናል። እግዜር ያመጣው ነው፣ በቃ።»

ሀለኮ፣ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለው፣ አርባ ምንጭ ውስጥ የሌለበት ግቢ የለም። ቅጠሉ ይበላል፤ እንጨቱ ግን ልፍስፍስ ነው፣ ለማገዶ እንኳ አይሆንም። ደጋው ላይ አይበቅልም። ዘሪቱ ቱቦውን ዘረጋችለት።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ቆሻሻ ነው። ይጣሉት።»

አልጣለችውም። ዘቢደርን ጥላ ሥር አስቀመጠቻት።

«እትዬ ዘቢደር፣ ወንድምዎ ይቺን መኪና ካልሠራሁ ብሎ ምን ያንገበግበው ነበር?»

«አባታችን የሞተባት መኪና ናት። ከገረሴ ሲወርድ ገደል ገባ። ‹ጠጥቶ ነው› ተባለ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሁሉም... መጀመሪያ እንኳ ፈቃደ ነው። መኪናዋን በዚያው ሰሞን ጠግኖ የሰጠው እሱ ነበር። ‹ፍሬኗ ደህና ነበር፤ ጋሼ ጠጥቶ ነው› አለ።»

«አባትዎ ይጠጡ ነበር?»

«አባቴ? ጠላ እንኳ በአፉ ዞሮ አያውቅም!»

«ታዲያ እርስዎ ምን አሉ?»

ዘቢደር አንገቷን ደፋች። «ምን እላለሁ? አፍሬ ዝም አልኩ። ሸዋንዳኝ ብቻ ነው እምቢ ያለው። ትናንት ለእኔም ለፈቃደም ‹እሁድ ዘመድ ጠርቼ የአባቴን ስም አጠራለሁ› አለን።»

ዘሪቱ ተነሳች። ሳምሶንን ፍርድ ቤት ሄዶ የብርበራ ፈቃድ እንዲያወጣና የፈቃደን ጋራዥ እንዲፈትሽ ላከችው። እሷ ሻንሲውን በክሪክ አስነስታ የተጨፈለቀውን ጉማጅ አወጣች፤ በቢላዋም ፋቀችው።

ከቀብሩ በፊት ሁሉንም መኪናዋ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ፈቃደም «ግቡ» ሲባል ገባ። ዘሪቱ የተፋቀውን ጉማጅ አነሳች። ከጥቁሩ ዘይት ሥር እንጨቱ ነጭ ነው።

«ይህ ሀለኮ ነው። ልክነሽ ሳታውቅ አቀብላው ቢሆን ኖሮ በተቃጠለ ዘይት ለምን ትቀባዋለች? ይህን የቀባው ሰው ሀለኮ መሆኑን ያውቃል፤ ወይራ እንዲመስል ፈልጓል። ሸዋንዳኝ ከሥር ተኝቶ ካምቢዮውን በመዶሻ ሲነቀንቅ ጉማጁ ሟሸሸ፣ መኪናዋም ተጫነችው።»

ወደ ፈቃደ ዞረች።

«እኔ እስካወጣው ድረስ ይህ ጉማጅ ሻንሲው ሥር ተነክሶ ነበር፤ ሲታይም ጥቁር ብቻ ነው። እርስዎ ከበር አላለፍኩም ብለውኛል። ታዲያ ሀለኮ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«ገመትኩ! መገመትም ወንጀል ሆነ?»

«ይህስ?» ቱቦውን አሳየቻቸው። «ይህ የፍሬን ቱቦ ነው። የአንዱ ጎማ ፍሬን ሲያንጠባጥብ በመጠገን ፈንታ በብረት መቆንጠጫው፣ በሞርሳ ጨፍልቀው ዘግተውታል። ሽማግሌው ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲይዙ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ሳበቻቸው፣ ወደ ገደሉ። ከዚያ ‹ሰክሮ ነው› ብለው አስወሩባቸው። ሸዋንዳኝ ይህን አገኘ፤ እሁድ ሊናገር ነበር። ሌሊት ገብተው ወይራውን በሀለኮ ለወጡበት።»

ሳምሶን ከበሩ ገባ። እጁ ላይ አሮጌ የወይራ ጉማጅ አለ፤ ጎኑ ላይ በቢላዋ «ሀብ» የሚል ተቀርጾበታል።

«አባቴ የቀረጸው ነው!» ጮኸች ዘቢደር።

«ጋራዡ ውስጥ ነበር፤ ሞርሳው ሥር» አለ ሳምሶን።

ዘሪቱ ንዴቷን መያዝ አቃታት። «ምነው ሰውዬ! ሰው ስትገድል እጅህ አልተንቀጠቀጠም፣ እንጨት ማቃጠል ግን አሳሳህ?»

«እንዲህ ያለ ወይራ ይቃጠላል እንዴ?» አለ ፈቃደ፤ የተናገረው የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ፊቱ ደም ለበሰ። «እና ምን ላድርግ? ዕቃው አልነበረም! ቱቦ ያልዘጋ መካኒክ የት አለ? እሱ ግን ስሜን ሊያጠፋ! ከሞተ ሰው ስም የእኔ አይብስም?»

ዘቢደር ልታንቀው ተነሳች፤ ፖሊሶች ያዟት። ፈቃደን ካቴና አግብተው ወሰዱት።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ነው። ሬሳው ሊወጣ ሲል ዘቢደር ጥቁር ነጠላ ይዛ ልክነሽ ፊት ቆመች። «ልኬ፣ የኔ እህት፣ ነይ ከፊት ሁኚ። ይቅር በይኝ።»

ልክነሽ ከተዳረች ጀምሮ ዘቢደርን «እርስዎ» ከማለት ሌላ አታውቅም ነበር።

«አባትሽን ሰካራም ሲሉት ዝም አልሽ» አለቻት። «እኔን ግን ገዳይ ብለሽ የጮህሽው አንቺው ነሽ። ነጠላውን አምጪ። ይቅርታውን ዛሬ አትጠይቂኝ።»

ነጠላውን ለበሰችና ከሬሳው ኋላ ከሁሉም ቀድማ ወጣች።