አስራ ሦስተኛው ስልክ

ስልክ ጠጋኙ ስልኩን በመስታወቱ ላይ ገፋ አድርጎ አሳለፈላት።

«ስክሪኑ ተቀይሯል» አለ።

«ድምፁስ?»

«እንደ አዲስ።»

የምስጢር ቃሉ ልክ ነበር። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። በሩ አጠገብ ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ጋዜጣ ያነባል። ቀና ብሎ አያት።



አልሮጠችም። ሁለት መታጠፊያ አልፋ ጫማ ቤት ገባች፤ ሦስት ጥንድ ለካች፤ አንዱም አልሆነኝም ብላ በጓሮ በር ውልቅ አለች። የተከተላት የለም።

ላኪዎቿ «መርፌ» ይሏታል። በድብቅ ባስገቧት መሥሪያ ቤት ግን የኔትወርክ ቴክኒሻኗ ናት፤ ስምንት ወር ሙሉ ኬብል ስትጎትትና ወረቀት የነከሰ ማተሚያ ስታላቅቅ ከርማለች። ሕንፃው የእስረኞች መዝገብ የሚቀመጥበት ነው። ማን የት እንደታሰረ ከዚያ ውጪ የሚያውቅ የለም። ቤተሰብ ከእስር ቤት እስር ቤት ሲንከራተት ይውልና ባዶ እጁን ይመለሳል። እሷም የተላከችው ያንን መዝገብ እንድታወጣ ነው።

እንዳጋጣሚ አለቆቹ መስክ ሲወጡ የቢሮውን ኔትወርክ ከሞባይላቸው መክፈት አማራቸው። ሥራው ለእሷ ተሰጠ። በየስልኩ ቪፒኤን ጫነች፤ ከስልኩ እስከ ቢሮው ሌላ ሰው ሊያየው የማይችል የተዘጋ መንገድ ማለት ነው። ያልተመዘገበ ስልክ አይገባም። ለመመዝገብም የሁለት ሰው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የቴክኒሻኗና የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ።

አስራ ሁለት ስልክ ተመዝግቧል። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው አስራ ሦስተኛው ነው።

የመዝገብ ቤት ኃላፊዋን ሰው ሁሉ «እትዬ መዝገብ» ይላቸዋል። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል። ሰላሳ ዓመት ፋይል ሲያገላብጡ ወገባቸው ጎብጧል፤ ምላሳቸው ግን ቀጥ እንዳለ ነው።

«መጣሽ ልጄ? እንዲህ ከስተሽማ ንፋስ ይወስድሻል። ኪስሽ ውስጥ ድንጋይ ያዢ።»

ሳቀች። በዚያ ሕንፃ የሚያስቋት እሳቸው ብቻ ናቸው። ባለፈው ወር ትኩሳት ሲጥላት፣ በዚያ በማይታዘዝ ጉልበታቸው አራተኛ ፎቅ ያለው ቤቷ ድረስ ሾርባ ይዘውላት የወጡትም እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ አንድ ስልክ ቀርቶኛል። ፈቃድ ይስጡኝ።»

«የማን ነው?»

«የምክትል ኃላፊው፣ ሁለተኛ ስልካቸው።»

«ሰውዬው ስንት ጆሮ ነው ያለው?» ስልካቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «የቱን ልጫን?»

«አረንጓዴውን።»

ተጫኑት።

በቃ፣ ይኸው ነበር።

የሚመራት ሰው፣ «አጎት» የሚሉት፣ ቃል ገብቶላታል። «እንደገባን መጀመሪያ የምንሰርዘው የፈቃዱን ዝርዝር ነው። የሴትዮዋን ስም ማንም አያየውም» ብሏታል። አምናዋለች።

በምሳ ሰዓት ስልኩን የአጎት ሰዎች መጥተው እንዲወስዱት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ አቧራ የለበሰ መዝገበ ቃላት ጀርባ አኖረችው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ ተቀመጠች። አስራ ሦስተኛው ስልክ ኔትወርኩ ውስጥ ገባ። የሁለት መቶ አስራ ሁለት እስረኞች መዝገብ በአስራ አንድ ደቂቃ ተቀዳ።

አሁን የእትዬ ስም ይሰረዛል።

አንድ ደቂቃ። ሦስት። አስር።

አልተሰረዘም።

ራሷ ልትሰርዘው ሞከረች። ኮምፒውተሩ ከለከላት።

በማግስቱ ጠዋት ምክትል ኃላፊው ሁለት ጠባቂ አስከትሎ መጣ። ጠረጴዛዋን አልፎ ቀጥ ብሎ መዝገብ ቤት ገባ።

«በእኔ ስም ስልክ የፈቀዱት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ቴክኒሻኗ...» እትዬ መዝገብ ቆም አሉ። በመስታወቱ በኩል አዩዋት። ፊቷ ላይ ያለውን አነበቡት። የሁለት መቶ አስራ ሁለቱን ሰዎች ፋይል በእጃቸው ያደራጁት እሳቸው ናቸው፤ ምን እንደወጣ ለመገመት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«ቴክኒሻኗ ምን?»

«ቴክኒሻኗ የፈቃድ ኮዷን ጠረጴዛ ላይ ረስታው ነበር። ተጠቀምኩበት። ሌላ ሰው የለበትም።»

ምክትሉ ዞሮ ቴክኒሻኗን አያት። ረጅም አስተያየት ነበር። ውሸት መሆኑን ያውቃል።

«ይበቃል። ውሰዷቸው» አለ።

እትዬ መዝገብ ነጠላ ጫማቸውን በውጪ ጫማ ልቀይር ብለው ለመኑ። አልፈቀዱላቸውም።

ከመንገድ ዳር ለአጎት ደወለች።

«ዝርዝሩን አልሰረዛችሁትም።»

«ተውነው።»

«ለምን?»

«ምክትሉ የእኛ ሰው ነው። ስድስት ዓመቱ። ፍለጋው እሱ ጋ ሳይደርስ አንድ ሰው ላይ መቆም ነበረበት።»

«ታዲያ መዝገቡን ለምን እሱ አላወጣውም?»

«ይነቃበታላ።»

«እርስዎ ቃል ሰጥተውኝ ነበር!»

«ሥራ ነው፣ መርፌ። ዛሬውኑ ከከተማው ውጪ።»

«አንተ ሰው አይደለህም» አለችው። ከዚያ በፊት አንተ ብላው አታውቅም።

ዘጋው።

በሦስተኛው ቀን ስሞቹ ከውጪ በሚተላለፍ ሬዲዮ ተነበቡ። ሰዉ ነቅሎ ወጥቶ ወደየእስር ቤቱ ሮጠ። ክፍሎቹ ተጠርገው ታጥበው ጠበቁት፤ እስረኞቹ በዋዜማው በጭነት መኪና ተወስደዋል። በተቀዳው መዝገብ ላይ አርባ አንዱ ስም አጠገብ ደግሞ ትንሽ የመስቀል ምልክት ነበረች። ትርጉሟን የጠየቀ አልነበረም፤ በሕይወት የሉም ማለት ነው።

መርፌ ግን ከከተማው አልወጣችም ነበር። በአራተኛው ቀን የምርመራ ክፍሉ በር ላይ ወረፋ ያዘች። «ስልኩን ያስገባሁት እኔ ነኝ» ልትል ነው የመጣችው። ጠባቂው መስኮቱን ከፈተ።

«ማንን ፈልገሽ ነው?»

«የመዝገብ ቤት ኃላፊዋን።»

ወረቀት ላይ ያሉትን ስሞች በጣቱ እየተከተለ ወረደ። «እሳቸው ትናንት አልፈዋል። ልባቸው ነው ይላሉ። አስከሬን የሚረከብ ዘመድ ነሽ? ስምሽን ንገሪኝ።»

ቦርሳዋ ውስጥ ሦስት መታወቂያ አለ። ሦስቱም የሐሰት ነው።

«ስምሽ?»

እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አንዱንም መታወቂያ አላወጣችም።

«ቀጣይ!» አለ ጠባቂው። ከኋላዋ የነበረው ሰው አልፏት ወደ መስኮቱ ተጠጋ። እሷም ከሰልፉ ወጥታ፣ መንገዱን ተሻግራ ሰው መሃል ገባች።