ከእትዬ ብርነሽ ቀድሞ የገባው ድምፅ

ስለ ጂኒ፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ሙት መንፈስ ወሬ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ፣ ያውም ሥራዬ ድምፅ ስለነበር ሰው «እንዲህ ያለ ነገር ሰማሁ» ብሎ ሲመጣብኝ ወዲያው «ቧንቧ ነው፣ ፍሪጅ ነው፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ነው» ብዬ የማሳፍር ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ልክ ነበርኩ። ይሄን አሁን የማወራችሁን ግን እስከ ዛሬ ቧንቧ ላደርገው አልቻልኩም።

መኮንን እባላለሁ። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ቀጂ ነበርኩ፣ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበረው ግርግር ወጣሁና ዞሬ ዞሬ ጄኔቭ ገባሁ፣ አሁን ኦኔ የሚባለው ሰፈር ካሉት ከነዚያ ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ብቻዬን እኖራለሁ፣ ቀን ላንሲ የሚባል ሰፈር ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ አጥባለሁ፣ ማሽኖቹ ሲጮሁ ስለሚውሉ እዚያ ማንም ማንንም አያናግርም፣ ቤቴ ስገባ ደግሞ የሚያናግረኝ የለም፣ አንዳንድ ሳምንት አርብ ላይ ለሱቋ ሴትዮ «ቦንዡር» ስል ድምፄ ሻክሮ ይወጣና ለካ ከሰኞ ጀምሮ አፌን አልከፈትኩም እላለሁ።

ከሕንፃችን ሥር፣ እዚህ አገር እንደተለመደው፣ አብሪ አለ፣ ጦርነት ቢመጣ ነዋሪው የሚሸሸግበት የኮንክሪት ምሽግ ማለት ነው፣ በሩ ብቻ የክንድ ያህል ይወፍራል፣ ጦርነቱ ስላልመጣ ግን ሰዉ የበረዶ መንሸራተቻውንና የክረምት ጎማውን ያስቀምጥበታል። የሕንፃው ጠባቂ ደግ ፖርቱጋላዊ ነው፣ አንዷን ክፍል ፈቀደልኝና ግድግዳዋን በአሮጌ ፍራሽና በብርድ ልብስ ሸፍኜ መቅጃ አደረግኳት፣ ለሠርግ የሚዘፍኑ ልጆች አንዳንዴ ይመጣሉ፣ በቀረው ጊዜ ባዶዋን ትውላለች። ዝምታዋን ልነግራችሁ አልችልም፣ በሩን ስትዘጉት የገዛ ደማችሁ በጆሯችሁ ውስጥ ሲሄድ ትሰማላችሁ።

እትዬ ብርነሽ የደወሉልኝ በኅዳር ነው። አላውቃቸውም ነበር፣ ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን የሚኖሩ፣ ከሆስፒታል ጽዳት ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፣ ስልኬን ከቤተ ክርስቲያን ሰው ነው ያገኙት።

«መኮንን ነህ? ዘፈን ትቀዳለህ አሉኝ።»

«አዎ እትዬ፣ ለማን ነው?»

«ለራሴ ነዋ! እንቅርቴ ወደ ውስጥ ገብቷል ብለው ሐኪሞቹ ጉሮሮዬን ሊቀዱት ነው፣ ድምፅሽ ሊሄድ ይችላል ብለውኛል፣ እንግዲህ እነሱ ሳይቀዱኝ አንተ ቅዳኝ» አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ፣ ሳቃቸው ግን መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ በባቡር መጡ። ዓይናቸው ፈጣን፣ ቁመታቸው አጭር፣ አንገታቸው ላይ ሻርፕ የጠመጠሙ ሴት ናቸው፣ አብሪው ውስጥ ስንወርድ በሩን አይተው «ይሄ መቃብር ነው ስቱዲዮ?» አሉኝ። የትኛውን ዘፈን እንደሆነ ስጠይቃቸው «አታውቀውም፣ ማንም አያውቀውም፣ አዲስ የመጣን ጊዜ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ለራሴ ያወጣሁት ነው፣ ሰው ፊት ዘፍኜው አላውቅም» አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እኔ ፊት ለፊታቸው ሳጥን ላይ ተቀምጬ ማዳመጫውን አጠለቅሁ፣ ጀመሩ፦

በመስኮት አያለሁ ጭጋጉ ሲመጣ፣
ማነው የሚጠራኝ በር ከፍቼ ልውጣ።

ድምፃቸው ያማረ ነው አልላችሁም፣ ግን እውነተኛ ነው፣ ያውም በየስንኙ መካከል ረዘም አድርገው ዝም ይላሉ፣ የሚመልስላቸው ሰው እንደሚጠብቁ ዓይነት። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ ሙያው ስለሆነ፣ ትንፋሼን ውጬ ነው የተቀመጥኩት፣ ወንበር እንኳ አላስጮህኩም። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ገለጡና ፈገግ ብለው «አመሰግናለሁ፣ ደገፍከኝ» አሉኝ፣ እኔም የአነጋገር ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ከሥራ መልስ ልሠራው ተቀመጥኩ። እዚህ ላይ ስለ ኮምፕሬሰር ትንሽ ልንገራችሁ፣ ጎማ የሚነፋው እንዳይመስላችሁ፣ የድምፁን ነው የምላችሁ። እጁን ድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ አድርጎ የማይነሳ ትጉህ ሰው አድርጋችሁ አስቡት፣ ዘፋኟ ከተወሰነ ልክ በላይ ስትጮህ ቶሎ ዝቅ ያደርጋታል፣ ስትለሰልስ ይለቃታል፣ እንዲህ ጫፉ ከተስተካከለ በኋላ ሁሉንም አንድ ላይ ከፍ ታደርጉታላችሁ፣ ያን ጊዜ ያልሰማችሁት ሁሉ ይመጣል፣ ትንፋሽ፣ የምራቅ ድምፅ፣ የልብስ ኮሽታ። ልከኛ ከሆናችሁ ዘፈኑ ከጆሯችሁ አጠገብ ይቀመጣል፣ ካበዛችሁት ግን ዝምታውም መጮህ ይጀምራል። የእትዬ ብርነሽ ድምፅ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ስለሚል ጠበቅ አደረግሁት፣ የያዘውንም ድምፅ ቶሎ እንዲለቅ አደረግሁት፣ ስለዚህ ስንኙ ባለቀ ቁጥር ዝምታው እብጥ ብሎ ይነሳል።

እዚያ ዝምታ ውስጥ ሰው ያንጎራጉራል።

ወንድ ነው። አፉን ዘግቶ፣ ከሩቅ፣ ለራሱ ብቻ። መጀመሪያ እንደ ልማዴ ሳቅሁ፣ አየር ማስገቢያው ነው አልኩ፣ ሄጄ አየሁ፣ ጠፍቷል፣ ከላይ ያለ ጎረቤት ነው አልኩ፣ በዚያ ኮንክሪት መድፍ እንኳ አይሰማም፣ ከማዳመጫዬ ያመለጠ የራሳቸው ድምፅ ነው አልኩ፣ እሱ ግን ወፍራም የወንድ ድምፅ አይሆንም። ማይኩን ለባዶው ክፍል ከፍቼ ወጣሁና ዘግቼ ቆየሁ፣ የተቀዳውን በዚያው ኮምፕሬሰር አስጨንቄ ሰማሁት፣ ሹሹታ ብቻ ነው፣ ምንም የለበትም።

ይሄ ሁሉ ባላስደነገጠኝ፣ ደጋግሜ ስሰማ ግን አንድ ነገር ገባኝ። የገደል ማሚቶ ቢሆን ከኋላ ነው የሚመጣ፣ ያመለጠ ድምፅም ቢሆን ከኋላ ነው የሚመጣ። ይሄ ቀድሞ ነው የሚመጣው። እትዬ ብርነሽ የሚቀጥለውን ስንኝ ከመጀመራቸው በፊት ሰውዬው ዜማውን ያነሳዋል፣ እሳቸው ከሱ ተቀብለው ይገባሉ። ድሮ በቴፕ ክር ስንቀዳ የተጠቀለለው ክር አንዱ በሌላው ላይ እያተመ የዘፋኙ ድምፅ ከዘፋኙ ቀድሞ በስሱ የሚሰማበት ጊዜ ነበር፣ ይሄ ግን ኮምፒውተር ነው፣ ክር የለው፣ ደግሞም የሳቸው ድምፅ አይደለም፣ ዘፈኑን ደግሞ ማንም አያውቀውም ብለውኛል።

ባላቸው ናቸው ብዬ አሰብኩ። አዎ፣ እኔ ያ ሳቂታው፣ አንድ ሰው ሞቶ ሚስቱን ያጅባል ብዬ አሰብኩ፣ አስቤም አልቀረሁ፣ ቀዶ ጥገና የምትጠብቅ ሴት ይሄን ብትሰማ ምን ትሆናለች ብዬ በየስንኙ መካከል ያለውን ዝምታ አንድ በአንድ ቆርጬ ያወጣሁበት ንጹሕ ቅጂ ሠራሁ፣ ዋናውንም ለብቻው ያዝኩ፣ ቅዳሜ በባቡር ወደ ዲቲኮን ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ጭጋግ ነበር፣ ሐይቁም ተራራውም አልታየኝም፣ መስኮቱ ላይ የራሴን ፊት ብቻ እያየሁ ደረስኩ።

ልጃቸው ሊያ፣ እዚያው የተወለደች ወጣት፣ በሩን ከፈተችልኝና ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች። እትዬ ብርነሽ ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ፣ ንጹሑን ከፈትኩላቸው። እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙ።

«እሺ፣ ይሄ እኔ ነኝ። ያንተስ?»

«የኔ ምን እትዬ?»

«አብረኸኝ ያንጎራጎርከው ነዋ! እሱ ባይኖር እኮ መሐል ላይ ይጠፋኝ ነበር፣ በየት እንደምገባ እየመራህ አስገባኸኝ። ምነው፣ አፍረህ ነው የቆረጥከው?»

ዋናውን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ስንኝ አለቀ፣ ዝምታው አበጠ፣ ያ ድምፅ መጣ፣ እትዬ ብርነሽም «ይኸው!» ብለው ጉልበቴን መታ አደረጉ፣ «እንዲህ ነው እንጂ!»

«እትዬ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ተው እንግዲህ።»

«በእግዜር ስም፣ እኔ አፌን አልከፈትኩም። ምናልባት... ባለቤትዎ ጋሽ በላቸው...»

ሻርፓቸውን ይዘው ሳቁ፣ ጉሮሯቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። «በላቸው? ነፍሱን ይማረውና በላቸው እኮ ዜማ ቢገድሉት አይገባውም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ቄሱ ዞረው ያዩት ነበር!»

ይሄን ጊዜ ሊያ ሳህን እያደረቀች ብቅ አለች፣ ያወራነውን አልሰማችም፣ ውኃው ሲወርድ ነበር፣ ዘፈኑ ብቻ ነው የደረሳት። ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችና፣ «ጋሽ መኮንን፣ ይሄ አንተ ነህ? ሾን! ድምፅህ በጣም ሾን ነው» አለችኝ፣ በጀርመንኛ ቆንጆ ማለቷ ነው።

እናቷ መሳቃቸውን አቆሙ፣ ዞረው አዩኝ፣ እኔ ደግሞ የማየው አጣሁ።

እስቲ አስቡት፣ ዕድሜ ልኬን የሰው ድምፅ ስቀዳ የራሴን አንድም ቀን ቀድቼ አላውቅም ነበር። ሰው የገዛ ድምፁን ሲሰማ «ይሄ እኔ ነኝ?» እንደሚል ታውቃላችሁ፣ ከውስጥ የምንሰማው ሌላ ነው። በማግስቱ አብሪው ውስጥ ማይኩ ፊት ቆሜ ያንኑ ዜማ አፌን ዘግቼ አንጎራጎርኩ፣ በዚያው ኮምፕሬሰር አሳለፍኩት፣ ጎን ለጎን አድርጌ ሰማሁ። አንድ ነው ብዬ ልምልላችሁ አልችልም፣ አይደለም ብዬም መማል አልቻልኩም፣ እንደገና ልሰማ እጄን ዘርግቼ ተውኩትና መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ። እሺ እኔ ነኝ እንበል፣ ሳላውቀው አንጎራጎርኩ እንበል፣ ያልሰማሁትን ዘፈን ከራሳቸው ከእትዬ ብርነሽ ቀድሜ እንዴት አወቅሁት?

ቀዶ ጥገናው ከፈረንጆቹ ገና በፊት ተደረገ። እትዬ ብርነሽ በደህና ወጡ፣ ድምፃቸው ግን እንደፈሩት ሄደ፣ አሁን የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው፣ እንደ ደረቅ ቅጠል። ቢሆንም እሁድ እሁድ ይደውሉልኛል፣ ምን በላህ፣ በረዶው እናንተ ጋ ጀመረ ወይ ይሉኛል፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚህ አገር ያለ ጉዳይ የሚደውልልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፣ እሁድን መጠበቅ ጀምሬ ነበር።

አንድ እሁድ ግን ሰላምታ ሳይሰጡኝ፣ «መኮንን፣ ያንን ነገር ነካካኸው እንዴ?» አሉኝ።

«የቱን?»

«ዘፈኔን፣ ያልተቆረጠውን፣ ትተህልኝ የሄድከውን። በየቀኑ እሰማዋለሁ፣ ሌላ ድምፅ የለኝማ። ሰውዬው ከፍ ብሏል። በፊት ዝም ስል ነበር የሚሰማው፣ አሁን እኔ እየዘፈንኩ ይሰማል።»

እትዬ፣ አንዴ ከተሠራ በኋላ አይለወጥም፣ እርስዎ ጋ ያለውን እኔ ከዚህ ልነካው አልችልም ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ፣ ሰሙኝና፣ «የኔን እየሸፈነው ነው» አሉ በዚያች ሹክሹክታ፣ «የቀረኝ እሱ ነው፣ እባክህ ና፣ ዝቅ አድርገው።»

ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ አብሪ ወረድኩ፣ እኔ ጋ ያለውን ቅጂ ከፍቼ ሰማሁት፣ በመለኪያውም አየሁት፣ የፀጉር ያህል አልተነሳም፣ እንደነበረው ነው። ደስ ብሎኝ መልሼ ደወልኩላቸው፣ ሊያ አነሳችና ለእናቷ ሰጠቻቸው።

«እትዬ፣ አሁን ሰማሁት፣ ምንም አልተለወጠም፣ አይዞዎት።»

ከኋላቸው ዘፈኑ ተከፍቶ ነበር፣ በስልክ ስለሆነ አጥርቼ አልሰማሁም፣ የሰማሁት ወንድ ይሁን ሴት ልነግራችሁ አልችልም።

«አንተ ጋ ያለው አልተለወጠ ይሆናል» አሉኝ፣ «እኔ ጋ ያለውን መጥተህ ስማ።»

ዲቲኮን ሩቅ አይደለም፣ ጠዋት ተነስቶ ሄዶ ምሳ በልቶ የሚመለሱበት መንገድ ነው፣ እስካሁን ግን አልሄድኩም፣ በሚቀጥለው ሳምንት እላለሁ፣ ሥራ ነበረብኝ እላለሁ። እሳቸውም ይደውላሉ፣ አነሳለሁ፣ ስለሱ አንነጋገርም፣ ሹክሹክታቸው ከሳምንት ሳምንት እየቀጠነ ነው። እኔ ደግሞ አዲስ ልማድ አምጥቻለሁ፣ ትራም ውስጥም ይሁን ቤቴ፣ ዝም ባለ ቦታ ጥቂት ከተቀመጥኩ፣ ሳላዝዘው እጄ ይነሳና ከንፈሬን ይነካል፣ ተዘግቶ እንደሆነ ለማየት።