የማክሰኞው ፊርማ

ቁልፉ አልገባም አለ።

ጋሽ መርፌ ጥፋቱን በዓይናቸው አመካኙ። ጎንበስ ብለው በሩን ዳሰሱ። ጓጉንቸሩ የእሳቸው አይደለም።

ልብስ ሰፊ ናቸው፤ «መርፌ» ያላቸው ሰፈሩ ነው። በዚያች አንድ ክፍል ኪራይ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። ልጃቸውን የዳሩት፣ ሚስታቸውን የሸኙት ከዚያው ነው። ለዓይን ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል አራት ቀን ተኝተው መመለሳቸው ነበር።

በመስኮቱ አዩ። ባዶ። የስፌት መኪናው የለም፣ አልጋው የለም። ለደንበኛ የቆረጡት ጨርቅ እንኳ የለም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደው አመለከቱ። መርማሪዋ ወጣት ናት፤ ነገር አታበዛም። አከራዩን አስጠራችው። ወረቀት ይዞ ከች አለ።

«ቤቱን በገዛ ፊርማቸው ለቀዋል። ዕቃውን ግቢ ውስጥ አስቀመጥኩላቸው። የዘረፋቸው ጎረቤታቸው ተሸካሚው ነው፤ ይፈተሽ።»

ተፈተሸ። የጋሽ መርፌ ብርድ ልብስ ተገኘበት።

«ዝናብ ሲመታው አነሳሁላቸው እንጂ!» አለ ተሸካሚው። «ከጭነት መኪና የወደቀ ነው። ሌላውን ጭኖ የሄደው ራሱ አከራዩ ነው።»

«ማን አየ?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

ሌላ አልነበረም። ካቴና ገባለት።

መርማሪዋ ወረቀቱን አገላበጠች። «ማክሰኞ ነው የፈረሙት?»

«ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እፊቴ» አለ አከራዩ።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ የት ነበሩ?»

«አልጋ ላይ፣ ልጄ። ሁለቱም ዓይኔ ታስሮ። ማንኪያ እንኳ አፌ ማድረስ አቅቶኝ። ያጎረሰችኝን ነርስ ጠይቂ።»

ተደወለ። ነርሷ አረጋገጠች። አከራዩ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ታዲያ ማን ፈረመው?» አለች መርማሪዋ፣ ወረቀቱን ወደ ጋሽ መርፌ እየገፋች። «የእርስዎን ፊርማ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው።»

ወረቀቱን ወደ ዳነው ዓይናቸው አስጠጉ። የእሳቸው ፊርማ ጭራው ወደ ታች ይወርዳል። ይህኛው ወደ ላይ ተቆልምሟል። እንዲህ የሚቆለምም እጅ አንድ ብቻ ያውቃሉ። ልጃቸው ተማሪ ሳለች የውጤት ካርዷን ይዛ ስትመጣ፣ እሳቸው ከስፌት መኪናው ቀና ሳይሉ «አንቺው ፈርሚልኝ» ይሏት ነበር።



«ያውቁታል?»

አላውቀውም ሊሉ ነበር። በተከፈተው በር በኩል ተሸካሚው አግዳሚ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ብርድ ልብሳቸውን ከዝናብ ያተረፈ ሰው ነው።

«የልጄ ነው» አሉ።

ልጅቷ ተጠርታ መጣች። አልካደችም።

«ሁለት ዓመት ለመንኩህ፣ አባዬ። ዓይንህ እየደከመ ነው፣ እኔ ጋ ግባ አልኩህ። እምቢ አልክ። አከራዩ ደግሞ ‹ፈርሚ፤ ዕቃውን ደጅሽ አደርሳለሁ፤ ቤት ሲያጣ አንቺ ጋ ይገባል› አለኝ። ዕቃው ሳይመጣ ሲቀር ዓይንህን ማየት ፈራሁ።»

«ሆስፒታል ሳትጠይቂኝ የቀረሽው ለዚህ ነው?»

አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ አከራዩ ብዙ አልታገለም። ቤቶቹን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ኖሯል። ተከራይ ለማስለቀቅ ፍርድ ቤት ቢሄድ ነገሩ ይጓተትበታል፤ ሽማግሌው ሆስፒታል ሲተኙ ጊዜ በለስ የቀናው መሰለው። የስፌት መኪናውን ሸጦታል። ገዢው ፈታትቶ በየፊናው በትኖታል።

«ተከራይ የሚወጣው በሕግ ነው» አለችው መርማሪዋ። «ጓጉንቸር ቀይሮ፣ ዕቃ ጭኖ፣ ጎረቤት ወንጅሎ አይደለም።»

ካቴናው ከተሸካሚው እጅ ወደ አከራዩ እጅ ተዛወረ። የቤቱ ቁልፍ ለጋሽ መርፌ ተመለሰ።

«ልጅዎንስ?» አለች መርማሪዋ ዝግ ብላ። «ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።»

«አትለፊው፤ ጻፊ። ስንቋን የማመላልሰው ግን እኔ ነኝ።»

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ መርፌ ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው፣ ግድግዳ እየዳበሱ፣ ጣቢያ ደረሱ። ልጅቷ ስታያቸው ደነገጠች።

«አባዬ! በዚህ ዓይንህ ብቻህን መጣህ?»

«ብቻዬን» አሉ፣ ምሳ ዕቃውን በፍርግርጉ እያቀበሏት። «እችላለሁ ስልሽ አምነሽኝ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለታችንም እዚህ ባልመጣን።»