ለማሽኑ የሚነገረው ውሸት

ሟቹ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ የብረት ካቢኔው ውስጥ እንደ ከተተ፣ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ነበር የተገኘው። ከደረጃው ላይ ሆኖ ላየው የጠፋ ብሎን የሚፈልግ ሰው ይመስላል። ክፍሉ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል።

መርማሪዋ ወዲያው አልቀረበችውም። ባልደረቦቿ «ጉንዳን» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም፤ ትንሹን ሳታነሣ ትልቁን አትነካም። መጀመሪያ ምድር ቤቱን ዞራ አየችው። ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ሦስት ካቢኔዎች ግድግዳውን ሞልተውታል። ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩን ኪሱ ውስጥ ይዞ በሚዞርበት ዘመን፣ ሟቹ እነዚህን የሃምሳ ዓመት ሽማግሌዎች ከየመጋዘኑ እየለቀመ ነፍስ ሲዘራባቸው የኖረ ጡረተኛ የስልክ ቴክኒሻን ነው። ሰፈሩ «ጋሼ ስልክ» ይለዋል። ከካቢኔው ጎን እንደ ጽሕፈት መኪና ያለ ማተሚያ ቆሟል፤ ማሽኑ የሚናገረውም የሚነገረውም በዚያ ጥቅል ወረቀት ላይ ነው።

ሴት ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። የሠላሳ ሦስት ዓመት ፋርማሲስት ናት፤ ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

«እንዴት አድርገሽ?»

«አባዬ እጁን እዚያ ውስጥ ከመክተቱ በፊት መሰኪያውን ይነቅልና ለሰው ያስይዛል። ‹ነፍሴን ያዥልኝ› ይለኛል። ዛሬ ጠዋትም ያዥልኝ ብሎኝ ነበር። ‹ረፍዶብኛል፣ ስመለስ› አልኩት።» እንባዋ ቀደማት። «መሰኪያው ወለሉ ላይ ነበር። እየተቻኮልኩ ስጠርግ አነሣሁት። ግድግዳው ላይ የሰካሁት መሰለኝ።»

«መሰለሽ ወይስ ሰካሽው?»

«አላውቅም! ዐሥር ሰዓት ስመለስ ማሽኑ እያጓራ ነው፣ መሰኪያው ግድግዳው ላይ ነው፣ አባዬ እንዲህ ሆኗል። ያኔ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማን ይሰካዋል? ቃሌን ጻፊና ልፈርም።»

መርማሪዋ ብዕሯን አላወጣችም። ይህቺ ሴት ዛሬ ከፈረመች ሕጉ ቢለቃት እንኳ ራሷን እንደማትለቅ ገባት። «መሰለኝ አይፈረምም፣ እህቴ» ብላት ወደ ማተሚያው ዞረች።

ወረቀቱ ላይ የዕለቱ ጽሑፍ ከመዳፍ አይበልጥም። ማሽኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቀን ጠይቋል፤ ቀንና ወሩ የዛሬው ሆኖ ዓመቱ 84 ተብሎ ተመልሶለታል። ከሥሩ እንደ እሱ ማሽን ለሚያድስ አንድ ጡረተኛ መምህር በስልክ መስመር የተላከ አጭር መልእክት አለ፦ «ማሽንህ ከዕድሜው በላይ ይሮጣል። ብቅ በልና እንነጋገር።» ከዚያ ማሽኑ ጠፍቷል። ከዚያ እንደገና ቀን ጠይቋል፤ ቀኑ ያው፣ ዓመቱ 89፣ ሰዓቱ 8:10። ከዚህ በታች ወረቀቱ ባዶ ነው። መርማሪዋ ሁለቱን ዓመቶች ደጋግማ አየቻቸው። አንዳቸውም የዘንድሮው አይደለም።

*

የሰዓት ሠሪው ሱቅ ከአንድ አልጋ አይሰፋም። ከሟቹ ጋር እነዚህን ማሽኖች ከሚያድሱት ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

«ከጋሼ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል» አለችው።

«አዎ። የቴፕ ጥቅል አውሼው ስድስት ወር ሙሉ ‹ነገ› አለኝ። እኔና ጋሼ ሳንጣላ ሳምንቱ አያልቅም ነበር።» አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ። «ከእንግዲህ ከማን ጋር ልጣላ?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«የትም አልሄድኩ። አንዲት ሴትዮ የባሌን ሰዓት ሳትጨርስ አልነሣም ብላ፣ ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ እዚያ ወንበር ላይ ዐይን ዐይኔን ስታየኝ ነበር። ስልኳን ልስጥዎት።»

«ማሽኑ ዓመት ሲጠይቅ የዘንድሮውን የማትነግሩት ለምንድን ነው?»

«አያምንማ!» ሰዓት ሠሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ሲሠሩት ሁለት ሺህ የሚባል ዓመት ይመጣል ብሎ ያሰበ የለም። የዘንድሮውን ሲነግሩት ‹ስህተት› ይላል። ስለዚህ እንዋሸዋለን። ሁላችንም የየራሳችን ውሸት አለን። እኔ ከፋብሪካ የወጣበትን፣ 70 ነው የምነግረው፤ እርጅናውን እንዳያስታውስ።»

«ጋሼስ?»

«84። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አያውቅም።»

«‹ከዕድሜው በላይ ይሮጣል› ማለትስ?»

ሰዓት ሠሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማሽኖቻችን በስልክ መስመር ይገናኛሉ። ለጋሼ ጽፌ መልስ እስኪመጣ ጥርሴን ቦርሼ እመለሳለሁ። የመምህሩ ግን ጥያቄዬን ሳልጨርስ ይመልሳል። የሃምሳ ዓመት ሽማግሌ እንዲህ ሲሮጥ አይተው ያውቃሉ? ለጋሼ ብነግረው ‹ተወው፣ ራሱ ይናገር› አለኝ።»

*

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ማሽኑን ያስቀመጠው ሳሎኑ መሐል ነው። አቧራ የሚባል አልነካውም። ከበላዩ የሙዚየም ደብዳቤ በመስታወት ተሰቅሏል።

«በሚቀጥለው ወር ይወስዱታል» አለ መምህሩ። «ከነስሜ ነው የሚያቆሙት። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልፋቴ ነው።»

«ትናንት ወጥተው ነበር?»

«ጉልበቴ መች ያስወጣኛል፣ ልጄ። ቀኑን ሙሉ እቤቴ ነበርኩ። ምስኪን! ደግሞ ጥንቃቄ ይወድ ነበር።»

«እርስዎስ ለማሽኑ ምን ዓመት ነው የሚነግሩት?»

የመምህሩ ፊት እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ እንደቆመ በራ። «ያ ሰዓት ሠሪ እንዳመጣለት ይሞላል። እኔ ግን ልክ ሃያ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው የምመለሰው። ያኔ ዕለቱ ከቀኑ ጋር ይገጥማል፤ ዛሬ ረቡዕ ከሆነ ያኔም ረቡዕ ነው። ውሸትም ቢሆን ሥርዓት አለው።»

መርማሪዋ እንደ ዋዛ መዳፏን ካቢኔው ላይ አሳረፈች። መብራቶቹ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ብረቱ ግን በረዶ ነው። ከውስጡ ማጓራትም ሆነ ሙቀት አይወጣም። እጇን አንሥታ አመሰገነችውና ወጣች።

*

በሦስተኛው ቀን ሁሉም ምድር ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ልጅቷ ደረጃው ላይ፣ ሁለቱ ወንዶች ከማተሚያው ግራና ቀኝ ሆኑ። የተከፈተውን ካቢኔ ላለማየት ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። መርማሪዋ የሟቹን ወፍራም የወረቀት ጥራዝ አቅፋለች።

«ከአንቺ ልጀምር» አለች ወደ ልጅቷ። «ይህ ማሽን ኃይል ባገኘ ቁጥር፣ ከሁሉ በፊት ደወል ደውሎ ቀን ይጠይቃል። የዚያን ዕለት የጠየቀው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው አባትሽ ያስነሡት ነው። ጠዋት ስትጠርጊ ሰክተሽው ቢሆን እዚያው እፊትሽ በጮኸ ነበር። ጮኸ?»

«አልጮኸም» አለች ልጅቷ፣ ቀስ ብላ።

«ስለዚህ አልሰካሽውም። ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ስምንት ከዐሥር ላይ ነው፤ ሐኪሙ ከገመተው የሞት ሰዓትም አይርቅም። አንቺ ያኔ ፋርማሲ ነበርሽ፤ አለቃሽን ጠይቄያለሁ።»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መርማሪዋ ጥራዙን ገለጠች።

«አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ እንየው። ኃይሉ ሲመጣ የጋሼ እጅ ካቢኔው ውስጥ ነበር፤ የገደላቸውም እሱ ነው። ማሽኑ ግን የሚጠይቀው ኃይል ካገኘ በኋላ ነው። ጥያቄው ተመልሷል። የሞተ ሰው አይተይብም። እንግዲያው እዚህ ሌላ ሰው ቆሞ ነበር፤ ያውም ለዚህ ማሽን ውሸት እንደሚነገረው የሚያውቅ ሰው። እንግዳ ሰው ቢሆን ወይ ይሸሽ፣ ወይ የዘንድሮውን ዓመት ይጽፍ ነበር።»

«ጋሼ ራሱ አስነሥቶት፣ ከዚያ በስህተት እጁን ቢከትስ?» አለ መምህሩ።

«ጋሼ 84 ነው የሚጽፉት። ይኸው ጥራዙ፤ የዓመታት ነው፤ አንድ ቀን አልሳቱም። ይህ 89 ነው። ሰዓት ሠሪው 70 ነው የሚጽፈው፤ በዚያ ሰዓትም ደንበኛው ፊት ነበር፤ ሴትዮዋን አግኝቻታለሁ።» ወደ መምህሩ ዞረች። «ከዘንድሮ ላይ ሃያ ስምንት ሲቀነስ ስንት ነው፣ መምህር?»

«89» አለ ሰዓት ሠሪው በእሱ ፈንታ። የመምህሩ ፊት አመድ መሰለ።

«ማሽንዎ ባዶ ቁም ሣጥን ነው» አለች መርማሪዋ። «ውስጡ ከመዳፍ የማትበልጥ አዲስ ኮምፒውተር አለች። እርስዎ ወደዚህ ሲመጡ ባልደረቦቼ በፍርድ ቤት ፈቃድ ከፍተው አይተዋል። ጋሼ ከፍጥነቱ ነው የነቁት።»

መምህሩ የገዛ ጣቶቹን እንደ ሌላ ሰው ጣት ያያቸው ጀመር።

«ልለምነው ነበር የመጣሁት» አለ። «ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ መሰኪያውን አቀበለኝ። ‹ነፍሴን ያዝልኝ› አለኝ። ከዚያ ካቢኔው ውስጥ ሆኖ ‹አንተ ካልነገርካቸው ነገ ለሙዚየሙ እኔ እደውላለሁ› አለኝ። ስሰካው... አላስታውስም። ደወሉ ጮኸ። ማሽኑ ቀን ጠየቀ። እጄ ነው የመለሰው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠይቀኝ መልሼ...»

«አምኖህ ነበር እኮ!» አለች ልጅቷ ከደረጃው ተነሥታ። እስከዚያች ቀን «እርስዎ» እንጂ «አንተ» ብላው አታውቅም። «ነፍሱን እጅህ ላይ አስቀመጠልህ!»

ሁለት ፖሊሶች የመምህሩን ክንድ ይዘው ደረጃውን አወጡት። ጉልበቱ አልታመመም ነበር፤ ደረጃውን ሲወጣ አላነከሰም።

*

ከሁለት ሳምንት በኋላ መርማሪዋ ጥራዙን ልትመልስ መጣች። ሰዓት ሠሪው ካቢኔውን ጠግኖ ዘግቶታል።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለች መርማሪዋ። «84 ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።»

ልጅቷ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። ከዚያ መሐሉን፣ ከዚያ መጨረሻውን። በየጠዋቱ፣ ታምሞ እንኳ፣ ተኳርፈው እንኳ፣ ያችው ቁጥር አለች።

«የተወለድኩበት ዓመት ነው» አለች።

ከዚያ ብዙ ሰዓት አለቀሰች፤ ማንም ተይ አላላትም። ሲበቃት ፊቷን ጠረገችና መሰኪያውን ከወለሉ አነሣች። ካቢኔው መዘጋቱን፣ ማንም እጁን አለማስገባቱን ሦስት ጊዜ አይታ ሰካችው። ማሽኑ አጓራ፤ ደወሉን ደውሎ ቀን ጠየቀ። እሷም መለሰችለት።