የአባቴ ወይን የተቃጠለበት ዓመት

ካንዲድን መጀመሪያ ያየሁት የማሳችን የድንጋይ ካብ ላይ ቆሞ፣ መውረጃው ጠፍቶት ነው። የእኛ ወይን ከሮን ወንዝ በላይ፣ ገደል በሚመስል እርከን ላይ ነው የተተከለው፤ ያልለመደ ሰው ይወድቃል።

«በየት ነው የሚወረደው?» አለኝ።

«በወጣህበት ነዋ።»

«ስወጣ አንቺን እያየሁ ስለነበር መንገዱን አላስተዋልኩትም።»

ሳቄን ለመደበቅ አጎነበስኩ።

ካንዲድ የታችኛው መንደር ልጅ ነው። በዚያ ዓመት የወይን ሥር የሚበላ ተባይ ወደ ሸለቆአችን ገብቶ ስለነበር፣ በየማሳው እየቆፈረ ሥሩን እንዲመረምር መንግሥት ቀጥሮታል። ተባዩ የተገኘበት ማሳ መርዝ ይረጭበታል፤ ተነቅሎም ይቃጠላል።

አባቴ ኢራስም ግን ወደደው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤታችን እንግዳ አያውቅም ነበር። ካንዲድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይመጣል፤ አይብ በእሳት እያቀለጥን ከድንች ጋር እንበላለን። አባቴ ከበርሜሉ የአገሩን ቀይ ወይን ጠጅ ይቀዳለታል። ጎረቤቶቻችን ብዙ የሚያፈራ የውጭ ዘር ሲተክሉ፣ እሱ ከአያቶቹ የወረሰውን ይህን አመለኛ ወይን አልለቀቀም። አንድ ዓመት ያፈራል፣ አንድ ዓመት ያኮርፋል።

«ልክ እንደ ልጄ ነው» ይለዋል። «ስታኮርፍ ዝም ብለህ ጠብቃት።»

«እየጠበቅኩ ነው፣ አቶ ኢራስም» ይላል ካንዲድ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

ከወይን ለቀማው በኋላ ልንጋባ ተስማማን።

በነሐሴ የላይኛው እርከን ቅጠል ቢጫ ሆነ። አባቴ ለማንም አልተነፈሰም። አንድ ጠዋት ብቻ ጫማውን እያሰረ፣ «ሴራፊን፣ ልጁ ላይኛው ጋ እንዳይቆፍር ንገሪው» አለኝ። ፊቱን ሳየው ተባዩ እኛም ጋ መግባቱ ገባኝ።

ካንዲድን ካቡ ሥር ጠብቄ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ወጣና ቆፈረ። ሥሩን መዳፉ ላይ አድርጎ ተባዩን አሳየኝ።

«እስከ ለቀማው ብቻ ታገሥ» አልኩት። «ለእኔ ስትል።»

«እስከዚያ ከታች ያለው ማሳ ሁሉ ይያዛል፣ ሴራፊን። የአክስትሽም ጭምር።»

«አባቴ ይሞታል።»

ሥሩን በመሐረቡ ጠቅልሎ ሊያስታውቅ ወረደ።

ማሳ የሚያቃጥሉት ሰዎች በሳምንቱ መጡ። ፍሬው ገና መቅላት መጀመሩ ነበር። ካንዲድ መቅረት ይችል ነበር፤ ግን አብሯቸው መጣ። አባቴ ካቡ ላይ ተቀምጦ ጭሱ እስኪያልቅ ተመለከተ። ካንዲድ ባርኔጣውን አውልቆ ሲቀርበው ተነስቶ ወደ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱን ዞር ብሎ አላየውም። ምግብ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ፤ ከገና በኋላ ቀበርነው።

ካንዲድ ከመቃብሩ አጥር ውጭ በረዶው ላይ ቆሞ ነበር። የታችኛው መንደር ወይን በእሱ ምክንያት ቢተርፍም፣ አንድም ሰው ሰላም አላለውም። ስወጣ ተከተለኝ።

«ልክ ነበርክ» አልኩት። «ያስቸገረኝም ይኸው ነው። ተሳስተህ ቢሆን ይቅር እልህ ነበር።»

በማግስቱ፣ ተራራውን ለሚበሳው የባቡር ዋሻ ሥራ ተቀጥሮ ሄደ።

ሁለት ዓመት ስለ እሱ አልጠየቅኩም። ከዚያ አክስቴ ኦዲል ከተረፈው ማሳዋ አዲስ ወይን ይዛልኝ መጣች። ስጠጣው እንባዬ መጣ። እሷም አየችኝና፣

«ያ ልጅ ክፉኛ ያስላል አሉ» አለችኝ። «የዋሻው አቧራ ነው።»

በሳምንቱ ዋሻው አፍ ላይ ወዳለው የሠራተኞች ሰፈር ሄድኩ። ካንዲድ የሳንቃ አልጋ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል። ጉንጮቹ ገብተዋል።

«ለምን መጣሽ?»

«ኩርፊያው ሰለቸኝ።»

ጫማውን አስቀመጠ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ጨበጠኝ።

እዚያው ተጋባን። ፀሐይ ብዙም በማያገኘው በዚያ ሰፈር ሦስት ዓመት አብረን ኖርን። በሕይወቱ የመጨረሻ ሳምንት፣ መናገር እየከበደው፣

«አባትሽ ይቅር የሚለኝ ይመስልሻል?» አለኝ።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ግን ለእኔ ሲል እንኳ ያልዋሸን ሰው እንዴት ልዋሸው?

«አላውቅም» አልኩት። «እኔ ግን እዚህ ነኝ።»

ዓይኖቹን ከእኔ ሳያነሳ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ይበቃኛል» አለኝ።